ሞራና ላት፦ የመከላከያ ሴሎች ከስባችን ጋር ምን ይነጋገራሉ?

(ደሴ ላይ ለጤና ባለሙያዎችና ለጤና ሳይንስ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ። በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

በዓረፋም ይሁን በፋሲካ፣ በግ በታረደበት ግቢ የቆመ የወሎ ሰው ሁለት ዓይነት ስብ ያውቃል። አንዱ ላት ነው፤ ከቆዳ ሥር ተጠራቅሞ በጉን ክፉ ቀን የሚያሻግረው ስንቅ። ሰኞ ባቲ ገበያ የሚወጣው የአፋር በግ ላቱ ሰፊ የሆነው ለዚሁ ነው፤ በረሃው ሲደርቅ ከዚያ ላይ ይበላል። ሌላው ሞራ ነው። ሆዱ ሲከፈት ጨጓራውንና አንጀቱን እንደ ነጠላ ሸፍኖ ይገኛል። በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ወደ ብርሃን ስትዘረጉት መረብ ይመስላል፤ ስቡ የደም ሥሮቹን እየተከተለ ይሄዳል፣ በመካከል ያለው ስስ ሽፋን ደግሞ ብርሃን ያሳልፋል። በዚያ ሽፋን ላይ፣ ከደም ሥሮቹ አጠገብ፣ ለዓይን የሚያስቸግሩ ጥቃቅን ነጫጭ ነጠብጣቦች አሉ። የመከላከያ ሴሎች መንደሮች ናቸው። የሰውም ሞራ እንዲሁ ነው። ትርፍ አንጀት ሲቆጣ ወይም ሲፈነዳ ሞራው ቁስሉ ላይ ይለጠፍና መግሉ በሆድ ዕቃ ውስጥ እንዳይሠራጭ ያግደዋል። ቀዶ ሐኪሞች “የሆድ ፖሊስ” የሚሉት ለዚህ ነው።

አባቶች ሞራ ገልጠው መጪውን ያነቡ ነበር። ዛሬ እኛ ከሞራው የምናነበው በስብ ሴሎችና በመከላከያ ሴሎች መካከል የሚመላለሰውን መልእክት ነው። ይህን መልእክት ያወቀ ባለሙያ በአንድ ቀን የሚያያቸውን ሦስት ሰዎች፣ ቦርጭ ያለውን የስኳር ታማሚ፣ በቲቢ የከሳውን ወጣትና በምግብ እጥረት የተጎዳውን ሕፃን፣ በአንድ ዓይን ማየት ይችላል።

መልእክት አድራሾቹ ሳይቶካይን ይባላሉ። የመከላከያ ሴሎች፣ አንዳንዴም ሌሎች ሴሎች፣ የሚረጯቸው ትናንሽ ፕሮቲኖች ናቸው። መጠናቸው እጅግ ጥቂት ነው፤ በደም ውስጥ የምንለካቸው በፒኮግራም፣ ማለትም በግራም ትሪሊዮንኛ ነው። አብዛኞቹ ሥራቸውን የሚሠሩት እዚያው በተረጩበት ሠፈር ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ደም ውስጥ ዝቅ ብሎ የተለካ ሳይቶካይን ስቡ ውስጥ እሳት አንድዶ ሊሆን ይችላል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከገንዲ ነው። ከብት ሲያዝ እየበላ የሚከሳበትን ያንን በሽታ አርሶ አደሩ ከእኛ በላይ ያውቀዋል። የበሽታው ተሐዋሲ ትራይፓኖሶማ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1980 ኒው ዮርክ፣ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ አንቶኒ ሴራሚና የሥራ ባልደረቦቹ በዚሁ ተሐዋሲ የተያዙ ጥንቸሎችን ሲመረምሩ ግራ የሚያጋባ ነገር አዩ። እንስሳቱ ከስተው አጥንታቸው ቀርቷል፣ ደማቸው ግን በስብ ወፍሮ ወተት መስሏል። ስቡ በደም ሥር እየዞረ ሴሎቹ አያስገቡትም ማለት ነው። ምክንያቱን ፈልገው አገኙት፤ ስብን ከደም ወደ ስብ ሴል የሚያስገባው ሊፖፕሮቲን ላይፔዝ የተባለው ኢንዛይም ሥራውን አቁሟል። ኢንዛይሙን ያስቆመው ማክሮፋጅ የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች የሚረጩት ፕሮቲን ነበር። “ክሳት አምጪ” ለማለት ካኬክቲን አሉት። በ1985 ቅደም ተከተሉ ሲነበብ፣ ሌሎች ተመራማሪዎች ከአሥር ዓመት በፊት የዕጢ ሴሎችን የሚገድል ብለው ከሰየሙት ከቲኤንኤፍ አልፋ ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ ቲኤንኤፍ የክሳት ፕሮቲን ነው ተብሎ ተዘጋ። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1993፣ ጎካን ሆታሚስሊጊልና ብሩስ ስፒገልማን ቦስተን ላይ ተቃራኒውን አሳዩ፤ በጣም የወፈሩ አይጦች ስብ ውስጥ ቲኤንኤፍ ሞልቷል። ፕሮቲኑን ሲያመክኑት እንስሳቱ ለኢንሱሊን የተሻለ መልስ ሰጡ። ክሳት አምጪው ወፍራም ሰውነት ውስጥ ምን ይሠራል?

መልሱ የኢንሱሊን ምልክት ወደ ሴል የሚገባበት መንገድ ላይ ነው። ኢንሱሊን ተቀባዩ ላይ ሲያርፍ፣ ተቀባዩ በሴሉ ውስጥ ላለው አይአርኤስ 1 ለሚባል ፕሮቲን ፎስፌት ይሰጠዋል፤ የሚሰካው ታይሮሲን በሚባለው አሚኖ አሲድ ላይ ነው። ከዚያ ምልክቱ ወደ ውስጥ ያልፋል፣ የስኳር በር ይከፈታል፣ ስብ መፍረሱም ይቆማል። ቲኤንኤፍ ሲመጣ ደግሞ ጄኤንኬ የሚባል ኢንዛይም ይነቃና ለዚያው ለአይአርኤስ 1 ፎስፌት ይሰካለታል፤ አሁን ግን ሴሪን ላይ። አንድ ቁልፍ ጉድጓድ ውስጥ እንጨት እንደ መሰካት ነው፤ ትክክለኛው ቁልፍ ቢመጣም አይዞርም። ኢንሱሊን በደም ውስጥ ሞልቶ ሴሉ አይሰማውም። የኢንሱሊን መቋቋም የምንለው ይህ ነው።

ሰውነት እንዲህ ያለ ጎጂ ነገር ለምን ያዘ? ጎጂ አይደለም፤ ለአጭር ጊዜ ከሆነ ብልኃት ነው። ሳንባ ምች የያዘው ሰው ነጭ የደም ሴሎቹ ሲዋጉ ስኳር ይበላሉ። ሳይቶካይኖቹ ለጡንቻና ለስብ “እናንተ ቆዩ” ይላሉ፤ ስኳሩ ደም ውስጥ ይቆያል፣ ስቡም ይፈርስና ለሌላው ነዳጅ ይሆናል። ሳምንት ሲሆን ኢንፌክሽኑ ያልቃል፣ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ችግሩ የሚመጣው ጦርነቱ ሳይኖር ትእዛዙ ለዓመታት ሲቀጥል ነው። በገንዲውም፣ በቲቢውም፣ በቦርጩም የሚሠራው ያው ፕሮቲን ነው፤ ልዩነቱ በመጠኑ፣ በቆይታውና ሰውየው እየበላ ወይም እየተራበ በመሆኑ ላይ ነው።

አሁን ወደ ስቡ ውስጥ እንግባ። አንድ የስብ ሴል ሲሞላ ዲያሜትሩ ከ0.1 ሚሊ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ኦክስጅን ከደም ሥር ወጥቶ በቲሹ ውስጥ የሚደርሰው ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሴሉ በልኩ ካልተወሰነ የራሱ ወርድ ያፍነዋል፤ አይጥ ላይ ይህ በግልጽ ታይቷል። በጣም የተለጠጡት ይሞታሉ። የስብ ሴል ሲሞት በውስጡ የነበረው የዘይት ኳስ ሜዳ ላይ ይቀራል፤ አንድ ማክሮፋጅ ብቻውን አይውጠውም። ስለዚህ ዙሪያውን ከበው ይቀመጣሉ፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ትልቅ ክብ ባዶ ቦታ በጥቋቁር ኑክለሶች ቀለበት ተከቦ ነው። በሥዕል እንደ አክሊል ስለሚመስል አክሊላማ ቅርጽ ይሉታል። እዚያ የተቀመጡት ማክሮፋጆች ሥራው ስላላለቀላቸው ቲኤንኤፍና ኢንተርሉኪን 1 ቤታ የሚባል ሌላ ሳይቶካይን መርጨት አያቆሙም። በ2003 የታተሙ ሁለት ጥናቶች ይህን በቁጥር አሳዩ፤ በቀጭን ሰው ስብ ውስጥ ማክሮፋጅ ከሴሎቹ 10 በመቶ በታች ሲሆን፣ በጣም በወፈረ ሰው ወደ 40 በመቶ ይጠጋል።

ሌላም ነገር አለ። ጤነኛ ስብ አዲፖኔክቲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፤ ጉበትና ጡንቻን ለኢንሱሊን የሚያለሰልስ ነው። ሰው ሲወፍር አብዛኞቹ የስብ ሆርሞኖች ይጨምራሉ፣ አዲፖኔክቲን ግን ይቀንሳል። ቲኤንኤፍ የሚያፍነው እሱን ነው።

ላትና ሞራ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ከቆዳ ሥር ያለው፣ ዳሌና ጭን ላይ የሚቀመጠው ስብ አዳዲስ ሴሎችን እያበዛ መስፋት ይችላል፤ ጎተራ እንደ መጨመር ነው። የሆድ ዕቃው ስብ ግን ነባር ሴሎቹን ይለጥጣል። በዚያ ላይ ከሞራና ከአንጀት ዙሪያ የሚወጣው ደም ወደ ልብ ከመሄዱ በፊት በፖርታል ደም ሥር ጉበት ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ ከሞራ የፈረሰ ስብና የተረጨ ሳይቶካይን ተቀዳሚ ማረፊያው ጉበት ነው። ጉበት ላይ ስብ ይከማቻል፣ ሌሊት ማምረት የማይገባውን ስኳር ያመርታል። ጠዋት ምንም ሳይቀመስ የሚለካ ስኳር ከፍ ብሎ የሚገኘው በአብዛኛው በዚህ ነው። አገራችን ውስጥ ቦርጭ “አማረበት፣ ሞላለት” ይባላል። የችግር ዘመን ባየ ሕዝብ ዘንድ ይህ አባባል ለምን እንደተወደደ ይገባኛል፤ ነገር ግን ዳሌ ላይ የሞላና ሆድ ውስጥ የሞላ አንድ ነገር አይደለም።

የችግር ዘመን ካልን ስለ ሌላኛው ጫፍ እንናገር። በ1966ና በ1977 ዓ.ም. ረኃብ በዚህ ምድር ያለፈውን እናንተ ከቤተሰብ ሰምታችኋል። በመጠለያዎች ውስጥ ብዙ ሰው የሞተው በባዶ ሆድ ብቻ ሳይሆን በኩፍኝ፣ በተቅማጥና በሳንባ ምች ነው። የተራበ ሰው ለምን በኢንፌክሽን ይሞታል? ፕሮቲንና ቫይታሚን ጎደለው ማለት ትክክል ነው፣ ግን ሙሉ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 ጄፍሪ ፍሪድማን ያገኘው ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን የሚመነጨው ከስብ ሴል ነው፤ አንጎልን “ስንቅ አለን” ይለዋል። ቅርጹን ስታዩት ግን የሳይቶካይን ቤተሰብ ነው፣ ተቀባዩም የኢንተርሉኪን 6 ተቀባይ ዘመድ ነው። ቲ ሴሎች በሚባሉት የመከላከያ ሴሎች ላይም ይገኛል። ምግብ ሙሉ በሙሉ ሲቋረጥ ሌፕቲን ስቡ ገና ሳይጎድል በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ ያሽቆለቁላል። ትርጉሙ፦ “ክፉ ቀን መጥቷል፤ ወጪ ቀንሱ”። ከሚቀነሱት ወጪዎች ውስጥ መውለድ አለ፣ ማደግ አለ፣ የመከላከያ ሠራዊት መቀለብም አለ። በ1998 የታተመ ሥራ ለተራቡ አይጦች ሌፕቲን ብቻ ሲሰጥ የቲ ሴል ምላሻቸው እንደሚመለስ አሳይቷል። በተፈጥሮ ሌፕቲን ሳይኖራቸው የሚወለዱ ጥቂት ልጆች እጅግ ወፍራሞች ናቸው፤ ሆኖም ኢንፌክሽን ይደጋግማቸዋል። ሰውነታቸው ስብ ላይ ተቀምጦ ራሱን እንደተራበ ይቆጥራልና።

ከዚህ የሚወጣው ተግባር ግልጽ ነው። የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ሕፃን ትኩሳት የለውም ብላችሁ ኢንፌክሽን የለውም አትበሉ። ትኩሳት ራሱ የሳይቶካይን ሥራ ነው፤ ወጪ የቀነሰ ሰውነት እሳት አያነድድም። በከፍተኛ የምግብ እጥረት ሕክምና መመሪያ አሞክሲሲሊን ምልክት ሳይጠበቅ የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። ኡጋንዳ ውስጥ በእንዲህ ዓይነት ሕፃናት ላይ በተሠራና በ2014 በታተመ ጥናት፣ ሲገቡ ሌፕቲናቸው ዝቅ ያለው ለሞት ይበልጥ የተጋለጡት ነበሩ።

ኢንተርሉኪን 6 ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ተማሪ የሚሳሳትበት እሱ ነው። ዕረፍት ላይ ባለ ሰው ደም ውስጥ ከሚገኘው ኢንተርሉኪን 6 አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከስብ የሚመጣ ነው፤ ጉበት የመቆጣት ምልክት የሆነውን ሲ ሪአክቲቭ ፕሮቲን እንዲያመርት የሚያዘው እሱ ነው። ስለዚህ መጥፎ ነው ይባላል። ነገር ግን ጡንቻ ረጅም ሥራ ሲሠራ ያንኑ ፕሮቲን ያመነጫል፤ በረጅም ሩጫ እስከ 100 እጥፍ ሊያድግ ይችላል፣ ሥራው ሲቆም በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል። ከጡንቻ ሲመጣ ቲኤንኤፍን ከፊቱ አያስቀድምም፤ እንዲያውም እሳት አጥፊዎቹን፣ ኢንተርሉኪን 10ን፣ ይጠራል። በ2019 ኮፐንሃገን ላይ ቦርጫሞችን 12 ሳምንት ብስክሌት አስነድተው፣ ለከፊሎቹ የኢንተርሉኪን 6ን ተቀባይ የሚዘጋ መድኃኒት ሰጡ። ብስክሌት ብቻ የነዱት የሆድ ዕቃ ስባቸው ቀነሰ፤ መድኃኒቱን የወሰዱት እኩል ነድተው አልቀነሰላቸውም። ወደ ጦሳ ተራራ ሽቅብ በእግሩ የሚወጣ ሰው ጡንቻ ለሞራው መልእክት እየላከ ነው። መኪናው የላከው መልእክት ግን የለም።

የሆድ ትል ጉዳይም ይነሳል። ጤነኛ ስብ ውስጥ ኢዮሲኖፊሎች የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች አሉ፤ ኢንተርሉኪን 4ን እየረጩ ማክሮፋጆቹን በሰላም ያኖሯቸዋል። ይህ በ2011 በአይጥ ላይ ታየ፤ በትል የተያዙ አይጦች ኢዮሲኖፊላቸው በዝቶ የስኳር አያያዛቸው ተሻሻለ። ኢንዶኔዥያ፣ ፍሎረስ ደሴት ላይ ሰዎችን ለአንድ ዓመት በአልቤንዳዞል፣ በትል መድኃኒት፣ ሲያክሙ፣ ትል የነበረባቸው ሰዎች የኢንሱሊን መቋቋማቸው በጥቂቱ ጨመረ። ለውጡ ትንሽ ነው፤ ከዚህ ተነሥቶ ኮሶውንና ቢልሃርዚያውን እንተዋቸው የሚል ሰው ቢመጣ አትስሙት። ትል ደም ያፈስሳል፣ ልጅ ያቀጭጫል፣ ጉበት ያበላሻል። ትምህርቱ ሌላ ነው፤ ትል ያጠፋንላቸው ሰዎች ክብደታቸውንና ወገባቸውንም እንከታተልላቸው።

በዚህ ዘርፍ ተጣድፎ የተነገረም አለ። ማክሮፋጆች ራሳቸው ኖርአድሬናሊን የሚባለውን ሆርሞን እያመረቱ ቡናማውን፣ ሙቀት የሚያመነጨውን ስብ ያነዱታል የሚል ሐሳብ በ2011 ታትሞ ብዙ ሰው ተቀበለው። በ2017 ሌሎች ቤተ ሙከራዎች በጥንቃቄ ሲፈትሹት ማክሮፋጆቹ ኖርአድሬናሊን ማምረቻው ኢንዛይም በበቂ መጠን የላቸውም። ዛሬም ግን በማስተማሪያ ስላይድ ላይ የድሮው ሥዕል ይታያል።

“ታዲያ ሳይቶካይኑን በመድኃኒት ዘግተን ስኳርን አናድንም?” የሚል ጥያቄ ይመጣል። ተሞክሯል። በ1996 ለስኳር ታማሚዎች ፀረ ቲኤንኤፍ አንድ ጊዜ ተሰጠ፤ ለአራት ሳምንት ምንም ለውጥ አልታየም። መድኃኒቱ ደም ውስጥ ያለውን ይይዛል፣ ስቡ ውስጥ ጎረቤት ለጎረቤት የሚተላለፈውን በበቂ አይደርስበትም፤ ደግሞም መንገዱ አንድ አይደለም። በ2017 ውጤቱ የታወጀው ካንቶስ የተባለው ታላቅ ሙከራ ከዚህ በፊት የልብ ደም ሥር ድንገት የተዘጋባቸውን ከ10,000 በላይ ሰዎች አካቶ ኢንተርሉኪን 1 ቤታን ዘጋ። 150 ሚሊ ግራም በየሦስት ወሩ ሲሰጥ የልብና የአንጎል አደጋ በ15 በመቶ ቀነሰ፤ አዲስ የስኳር በሽታን ግን አልከለከለም፣ ለሞት የሚያደርስ ኢንፌክሽንም ጨመረ። ቲቢ በበዛበት አገር ይህ የመጨረሻው ሐረግ ከሁሉም ይከብዳል፤ ማክሮፋጆች የቲቢን ባክቴሪያ ከበው እንዲያኖሩ የሚያደርጋቸው ቲኤንኤፍ ነው። የተኛ ቲቢ ያለበትን ሰው ቲኤንኤፍ ብትዘጉበት ቲቢው ይነሣል። ስለዚህ ፀረ ቲኤንኤፍ ለመገጣጠሚያ በሽታ እንኳ ከመሰጠቱ በፊት የቲቢ ምርመራ ይቀድማል።

አሁን ወደ ክፍላችሁ ልመለስ። እግራቸው የመገለ እማማ መጡ እንበል፣ በጣት ጫፍ ስኳራቸው 210 ወጣ። “ልጄ፣ ስኳር ያዘኝ እንዴ?” ይሏችኋል። ትክክለኛው መልስ፦ “እማማ፣ ቁስሉ ስኳርዎን ከፍ አድርጎት ሊሆን ይችላል፤ ቁስሉን እናክም፣ ከዚያ ሳይበሉ ይመጡና በድጋሚ እንለካለን” ነው። ሁለት ዓይነት ስሕተት አለ። አንዱ ወዲያው የዕድሜ ልክ ስኳር ታማሚ ብሎ መድኃኒት መጀመር ነው፤ ኢንፌክሽኑ ሲለቅ ስኳሩ ይወርድና ሰውየው በመድኃኒቱ ራሱን ይስታል። ሌላው “የበሽታው ትኩሳት ነው” ብሎ መርሳት ነው። የውኃ ጥም፣ ሽንት ማብዛት ወይም ኬቶን (ስብ ሲፈርስ የሚወጣ አሲድ) ካለ አትጠብቁ፣ ያኔውኑ አክሙ። ከሌለ ግን ካገገሙ በኋላ፣ ለስምንት ሰዓት ሳይበላ የተለካ ስኳር በሁለት የተለያየ ቀን 126 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ነው ስኳር የሚባለው። ኤ ዋን ሲ፣ የሁለት ሦስት ወር አማካይ ስኳር የሚያሳየውን ምርመራ፣ የሚለኩ ከሆነ 6.5 በመቶ ነው፤ ከወባ በኋላ ግን ቀይ የደም ሴሉ ስለሚፈርስ በሐሰት ዝቅ ይላል፣ የብረት እጥረት ደግሞ በሐሰት ከፍ ያደርገዋል። ከከሚሴና ከቆላው ቀበሌ የመጣ ሰው ላይ ይህን አስቡ።

ቲቢ ላይም እንዲሁ ነው። የስኳር ታማሚ በቲቢ የመያዝ ዕድሉ ወደ ሦስት እጥፍ ነው፤ የቲቢ ታማሚም ስኳሩ በሳይቶካይኑ ምክንያት ለጊዜው ይወጣል። ስለዚህ ሲጀምር ለኩ፣ ከሁለት ወር በኋላ ለኩ፣ ሲጨርስ ለኩ። ሪፋምፒሲን የተባለውን የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግሊበንክላማይድ የተባለው የስኳር መድኃኒት ቶሎ ከሰውነቱ ይወጣልና ስኳሩ ባይወርድ መድኃኒቱን አልወሰደም ብላችሁ አትፍረዱበት።

ሲ ሪአክቲቭ ፕሮቲን ሲታዘዝ፣ በስብ ምክንያት የሚመጣው የተዳፈነ እሳት በሊትር ከ1 እስከ 10 ሚሊ ግራም ባለው መካከል ነው የሚታየው፤ ከ3 በላይ ለልብ አደጋ ያጋልጣል ይባላል። ከ10 ካለፈ ኢንፌክሽን ወይም ጉዳት ፈልጉ፣ ሰውየው ከዳነ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ ድገሙት። የጥርስ መግል ያለበትን ሰው ቁጥር ስቡ አመጣው ማለት ከንቱ ነው።

ላብራቶሪ ከሌለ ሜትር አለ። ወገብ የሚለካው ቀበቶ በሚታሰርበት አይደለም፤ ስሕተቱ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው፣ ቦርጭ ያለው ሰው ቀበቶውን ከሆዱ በታች ስለሚያስር ብዙ ሴንቲ ሜትር ይቀንስለታል። ልብሱን ከፍ ያደርግ፣ እግሮቹን አቀራርቦ ይቁም። የመጨረሻዋን የጎድን አጥንት በጣታችሁ ፈልጉ፣ ከዚያ የዳሌ አጥንቱን ጫፍ ፈልጉ፣ መካከላቸው ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ሜትሩን በዚያ አዙሩ፤ ከፊትም ከኋላም ከመሬት እኩል ከፍታ ይኑረው፣ ቆዳውን ይንካ እንጂ አይጨቁነው። እንደ ልማዱ ይተንፍስና አየሩን ካስወጣ በኋላ አንብቡ። ሆዱን ወደ ውስጥ ከሳበ ጥቂት አዋሩትና ድገሙት። ሁለት ጊዜ ለክታችሁ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተለያየ ሦስተኛ ለኩ። የወገቡ ዙሪያ ከቁመቱ ግማሽ ካለፈ፣ 170 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው 85 ካለፈ ማለት ነው፣ ክብደቱ ልከኛ ቢመስልም ሳይበላ ስኳሩን ለኩለት።